ከሰፈሩ ወጣን፣ ጂሙ ጋ አልደረስንም

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከየካ አባዶ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 15 ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ወንዱ 12 ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ ሦስት ዓመት ድረስ ጉለሌ በቀበሌ ቤት ነበር የምንኖረው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣልንና ወደዚህ መጣን፣ አራተኛ ፎቅ ነን። ልጄ ድሮ ሱዚ ስትዘል፣ ስትሯሯጥ ነበር የምትውለው። ማታ ተጠርታ ነበር የምትገባው። አሁን የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፣ እንደምንም እየከፈልን። በሰርቪስ ሄዳ በሰርቪስ ትመጣለች። ከዚያ በሳምንት አምስት ቀን አስጠኚ አላት። እሱ ሲወጣ አልጋዋ ላይ ስልኳን ይዛ ነው። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች።

የባለቤቴ ወንድም ሲኤምሲ ነው የሚኖረው፣ የተሻለ ኑሮ አለው። ልጆቹ ዋና ይሄዳሉ፣ ቴኳንዶ ይሄዳሉ። ለትንሣኤ ተሰብስበን ‹ልጅቷን እኮ አፈናችኋት፣ ወፈረች፣ ጂም አስገቧት› አለ በሰው ፊት። ዋጋ ጠየቅኩ። የወሩ ክፍያ የአስቤዛችንን ግማሽ ያህላል። ባለቤቴ ደግሞ ‹ኃይሌ ገብረሥላሴ ለማን ከፍሎ ነው የሮጠው?› ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እትዬ፣ የሀብታም ልጅ ብቻ ነው እንዴ ስፖርት የሚሠራው? ደግሞ ሰሞኑን የስፖርት ጫማ ግዢልኝ እያለችኝ ነው። የጠቆመችኝ ውድ ነው። ልግዛላት ወይስ ሰበብ ነው?
የሁለት ልጆች እናት»

እህቴ፣

መጀመሪያ የበዓሉን ነገር አንስተን እንለፈው። ዶሮ ወጥ ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እናት በልጇ ስትወቀስ ያማል። ልጅቷም ሰምታዋለች። ከእንግዲህ ስለ ሰውነቷ ማንም በሰው ፊት እንዳያነሳ አድርጊ። የ15 ዓመት ሴት ልጅ ‹ወፈርሽ› ከተባለች ሜዳ አትወጣም፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ ነው የምትገባው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ራስሽ ጽፈሽው ያለፍሽው ነገር አለ። ጉለሌ ሳላችሁ ኑሯችሁ ከዛሬው የጠበበ ነበር። ልጅቷ ግን ማታ በጥሪ ነበር የምትገባው። ኑሮ አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ልጅቷ ቁጭ አለች። የገንዘብ ማጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያሰራት፣ ያኔ ነበር የምትታሰረው።

የድሃውን ሰፈር ሩጫ ትታችሁ ወጣችሁ። የሀብታሙ ዋና ቤት ጋ ደግሞ ገና አልደረሳችሁም። በእኔ ግምት አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ የሚውለው እዚህ መሀል ላይ ያለው ልጅ ነው። በእግሩ እንዳይሄድ ሰርቪስ አለው፣ ሰፈር እንዳይጫወት አስጠኚ አለው፣ ስፖርት ቤት እንዳይገባ ደግሞ ገንዘብ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ምን እንደሚል ልንገርሽ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር ይጨመርበት፣ እንደ ዝላይ ያለ። 60 ደቂቃው በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ቆራርጦም ይሆናል። ይህን ያዥልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 የወጣ ሰፊ ጥናት አለ። በ146 አገሮች ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ ተማሪዎችን ያየ ነው። ከመቶ 81ዱ ይህን ያህል አይንቀሳቀሱም። ከሴቶቹ 85፣ ከወንዶቹ 78። ስለዚህ ልጅሽ ብቻዋን አይደለችም። እኔን የገረመኝ ግን የአገር ሀብት ልጆቹን ከወንበር አለማስነሳቱ ነው። ደቡብ ኮሪያ ሀብታም ናት። እዚያ ከመቶ 94ቱ በቂ እንቅስቃሴ የላቸውም። ባንግላዲሽ ደግሞ 66 ነው፣ ከሁሉም የተሻለው ቁጥር እሱ ነው። እሱም ቢሆን ከሦስት ልጅ ሁለቱ ተቀምጠው ማለት ነው። የኮሪያ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደ ሌላ ማስጠኛ ቤት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? ማታ ነው ቤቱ የሚገባው። አስጠኚ ስትዪኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

አንድ አገር ውስጥ ሆነሽ ቤትን ከቤት ስታወዳድሪ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአውሮፓ አገሮች በየአራት ዓመቱ የ11፣ የ13 እና የ15 ዓመት ተማሪዎችን የሚጠይቅ ጥናት አለ። የቤቱን ኑሮ የሚለኩት ልጁን ደመወዝ በመጠየቅ አይደለም። ቤታችሁ መኪና አለ? የራስህ መኝታ ክፍል አለህ? ኮምፒውተር ስንት ነው? መታጠቢያ ቤትስ? የሰሃን ማጠቢያ ማሽን አለ? ለዕረፍት ውጭ አገር ስንቴ ሄዳችሁ? እንዲህ ነው የሚጠይቁት። ላብ የሚያወጣ ስፖርት በመሥራት የተሻለ ኑሮ ያላቸው ልጆች በአብዛኛው ይበልጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክለብ ይከፈላል፣ ጫማ ይገዛል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ የሚያደርስ ወላጅ አለ። ስለዚህ የባለቤትሽ ወንድም ፈጽሞ ተሳስቷል አልልሽም። ገንዘብ ስፖርት ይገዛል።

ግን እስቲ የእሱን ልጆች ሳምንት ቁጠሪው። ዋና አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን፣ ቴኳንዶም እንደዚሁ። የቀረው መኪና፣ ሶፋ፣ ስልክ ከሆነ ከልጅሽ ያን ያህል አይርቁም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሱቅ እንኳ በእግሩ የማይላክ ልጅ፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ቢዋኝ ሳምንቱ አይሞላም።

ድህነት ያንቀሳቅሳል የሚሉትም አሉ። በእነሱ እናደዳለሁ። እኔ ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶች መንገዱን ይሞሉት ነበር። ሸክሙ ከእነሱ ይረዝማል። ጎንበስ ብለው፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ገመዱን ደረታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው ይወርዳሉ። አንዷ የክፍላችን ልጅ ነበረች። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ስፖርት ነበረን። ሁላችንም ስንሮጥ እሷ ግንቡ ሥር ትቀመጥ ነበር። የስፖርት መምህራችን ‹ሰነፍ› ይላት ነበር። ከክፍሉ ሁሉ ይበልጥ የተንቀሳቀሰችው እኮ እሷ ነች፤ ሌሊት ተነስታ ጫካ ደርሳ ተመልሳለች። ቁርስ መብላቷንም እንጃ። የእሷን መንቀሳቀስ ጤና ነው ብዬ ላወራልሽ አልችልም።

ለባለቤትሽ የምልከው መልእክትም ከዚሁ የሚወጣ ነው። ኃይሌ ከአሰላ አካባቢ የገበሬ ልጅ ነው። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። እየሮጠ ሄዶ እየሮጠ ይመለሳል። ደብተሩን በግራ ክንዱ ይዞ ስለለመደ፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖም ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ ነበር የሚሮጠው። ብዙዎቹ የማራቶን ሯጮቻችንም ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ ነበር። ይህ ተጠንቷል። ስለዚህ ባለቤትሽ እውነቱን ነው፣ ኃይሌ ለማንም አልከፈለም። ግን ኃይሌ ሰርቪስም አልነበረውም! እንደ እሱ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ሮጠው፣ ሜዳሊያም ዲፕሎማም ሳያገኙ የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? ጎበዙ ባልሽ ልጁን ከሰርቪስ አውርዶ በዚያ የመኪና መንገድ ሩጪ የሚላት ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን።

ወደ ግቢያችሁ እንምጣ። ኮንዶሚኒየም እኔም ነው የምኖረው፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ። ብሎክና ብሎክ መሀል ያለው ክፍት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ወንዶቹ ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው እዚያው ኳስ ይጫወታሉ። ኳሱ አንዱን መኪና ይነካል፣ አላርሙ ይጮኻል፣ ባለቤቱ ከበረንዳ ይሳደባል፣ ጥበቃው ኳሱን ይወስዳል። በማግስቱ ደግሞ ይጀምራሉ። ኮሙናሉ፣ ማለትም የነዋሪው የጋራ ቤት፣ በር ላይ ‹ኳስ መጫወት ክልክል ነው› የሚል ወረቀት አለ፣ ማንም አያነበውም። ሴቶቹስ? ሴቶቹ ደረጃው ላይ ናቸው። ስልክ ይዘው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው። ወንዶቹ ቢባረሩም ይመለሳሉ። ሴቶቹ የሚባረሩበት ቦታ እንኳ የላቸውም።

ጉለሌ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ያያት ነበር። እቴቴ እገሊት ከደጃፏ ሆና ትጠብቃት ነበር፣ ሳትናገሪ። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነሽ የምታምኚው ዓይን የለም። ብትፈሪ አልፈርድብሽም። ለከፋውንም አውቀዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ልጅሽ ስትመጡ 12 ዓመቷ ነበር። ጉለሌ ብትቀሩም ኖሮ፣ 13 ወይም 14 ሲሆናት ሱዚውን ትተወው ነበር ይሆናል። ሰውነቷ ይለወጣል፣ ‹ትልቅ ሴት ሆነሻል፣ ተይ› የሚል ይመጣል፣ የወር አበባ አለ፣ ወጥ ቤት ጥሪ አለ። ሁሉንም በፎቁ አታሳቢ።

አሁን ምን ታደርጊ?

ጠይቂያት። ግን ‹ለምንድን ነው የማትወርጂው?› ብለሽ አይደለም። እሱ ክስ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ ይዘሻት ሂጂና በመንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ፣ ‹ከማን ጋር ብትወርጂ ደስ ይልሻል?› በያት። የምትነግርሽ አንድ ስም ነው። ያንን ስም ፈልጊ፤ እናቲቱን አነጋግሪ። በዚህ ዕድሜ አንዲት ልጅ ብቻዋን አትወርድም። ሦስት ከሆኑ ይወርዳሉ።

የእኛ ብሎክ ያደረግነውን ልንገርሽ፣ ይጠቅምሽ ይሆናል። አምና እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ የቅዳሜ ቡናችንን ታች አወረድነው። ኮሙናሉ ጎን ከሰሉን አቀጣጠልን፣ ጀበናውን ጣድን፣ ዱካችንን ይዘን ተቀመጥን። የኮሚቴውን ሰብሳቢ ቀድመን ለምነነው ነበር፤ ቅዳሜ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሁለት የመኪና ቦታ ለቀቁልን። የመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ አፍረው ፈንዲሻችንን በልተው ወጡ። ሁለተኛው ሳምንት አንዷ ገመድ ይዛ ወረደች። ለየት ያለ ገመድ አይደለም፣ የልብስ ማስጫ ነው። ሁለት ሰው ያዞራል፣ አንድ ሰው ይዘላል። እኔም አንዴ ገባሁና ነጠላዬ ተጠላልፎ ልወድቅ ነበር፤ እስካሁን ይስቁብኛል። ለፍልሰታ አካባቢ ሰባት ልጆች ነበሩ፣ መረብ ኳስ አዋጥተው ገዝተው። ማንም አልለከፋቸውም። ሦስት እናት ስኒ ይዛ ተቀምጣ ማን ይደፍራል?

አስጠኚው ሳምንቱን ሙሉ በዝቷል። ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተና የለባትም። ሦስት ቀን ይበቃታል። ሁለቱ ቀን ይለቀቅ። ስንፍና አይደለም፣ ጭንቅላትም ሲንቀሳቀሱ ነው የሚነቃው።

ከሰርቪሱ ደግሞ በር ላይ ሳትደርስ ትውረድ። አብራት የምትማር የሰፈር ልጅ ካለች፣ አስፋልቱ ጋ ወርደው በእግር ይምጡ። መንገዱ ሰው የሚበዛበትና ገና ብርሃን እያለ መሆን አለበት። 20 ደቂቃ በፍጥነት መራመድ ከ60ው ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። አየሽ፣ ቆራርጦ ይሆናል ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ስለ ወንድሟ ከዕድሜው በቀር ምንም አልጻፍሽልኝም፣ እኔም ጠረጠርኩ። እሱ ታች ኳስ ላይ ነው፣ እሷ ሰሃን ላይ ናት? ከሆነ ተቀያየሩ። የ12 ዓመት ልጅ ሰሃን ማጠብ ይችላል። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው ማን ነው? እሱንም ያካፍሏት፣ ግን ‹ስፖርት ሠራሽ› ብላችሁ አትቁጠሩላት። ጨዋታ የሚባለው ደስ ብሏት የምትሠራው ነው።

ለትምህርት ቤቱም ጥያቄ አለኝ። የክፍያ ጭማሪ ሊነግሯችሁ ስብሰባ መጥራታቸው አይቀርም። ያኔ እጅሽን አውጥተሽ ‹የስፖርት ክፍለ ጊዜ የት ነው የሚሠራው?› በያቸው። ብዙ የግል ትምህርት ቤት የተከራየ ቪላ ውስጥ ነው። ግቢው ሰልፍ እንኳ አይበቃውም። ስፖርት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይማራሉ፣ የመረብ ኳስ ሜዳ ስፋት በቃል ያጠናሉ። ከእነዚህ ከፋዮች ጋር ሲወዳደሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ሰፊ ሜዳ አላቸው፤ ይህ ሁሌ ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። አንድ ወላጅ ቢጠይቅ ዝም ይላሉ። አሥር ሰው ከጠየቀ በአቅራቢያ ሜዳ ሊከራዩ ይችላሉ።

በነፃ የሚገኘውን አትናቂው። ‹መንገድ ለሰው› የሚባለው፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ አስፋልቱ ለመኪና ተዘግቶ ሰው የሚሮጥበት እሁድ ሲኖር ውሰጃቸው። በኮሪደር ልማቱ የተሠራ ሰፊ የእግረኛ መንገድ በአቅራቢያችሁ ካለም ጥሩ ነው። አንቺም ሂጂ። የእናት ሂጂ ማለትና የእናት እንሂድ ማለት አንድ አይደለም።

ማለክለኩ አብዛኛውን ጊዜ መቀመጥ የሚያመጣው ነው። ግን የማዞር ስሜት፣ የልብ መምታት፣ የፊት መገርጣት ካለበት፣ ወይም የወር አበባዋ በጣም የሚበዛ ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ደሟን አስለኪ። በዚህ ዕድሜ ደም ማነስ በሴቶች ላይ የተለመደ ነው። ቁርስ ሳትበላ ሰርቪስ ላይ እየወጣች ከሆነም እሱን አስተካክዪ።

የባለቤትሽን ወንድም ደግሞ አትጣዪው። ‹ልጆችህን ቅዳሜና እሁድ ላክልን› በዪው። ሲኤምሲ ግቢ ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት? እናንተ ጋ 40 ቤት ልጅ አለ።

የጫማው ነገር። ሰበብ አይደለም። ሰው ለመተኛት የስፖርት ጫማ አይጠይቅም። ልጅቷ የሆነ ነገር አስባለች፣ ወይም የሆነች ልጅ ነይ ብላታለች፣ ወይም ያላት ጫማ ከዩኒፎርሙ ጋር የሚደረግ አንድ ብቻ ሆኖ እንዲቆሽሽ ፈርታለች። ስለዚህ ግዢላት፤ ከአስጠኚው የተረፈው የሁለት ቀን ገንዘብ አለልሽ። የጠቆመችሽን ውዱን ግን አይደለም። መርካቶ ሂዱ፣ ጥሩ ሳልባጅም ካገኛችሁ ይሆናል። ሶሉን አጠፍ አድርጊው፣ ከጣቶቹ በኩል መታጠፍ አለበት፣ ከመሀሉ አይደለም። ቀለሙን እሷ ትምረጥ፣ ሮዝም ቢሆን ዝም በዪ። ካልሲ አድርጋ ትለካው። ደግሞ ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ውሰጃት፣ እግር ቀን ሲቆም ሲሄድ ውሎ ትንሽ ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠባል።